ዕዳ፣ ስልክና ዝምታ



በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ኡበር የሚሠራ ሰው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ በግንባሩ ይደፋዋል። የማያውቀው ቁጥር ሲደውል አያነሳም። የፖስታ ሳጥኑን በሳምንት አንድ ጊዜ ቢከፍት ነው፤ የከፈተ ቀንም ከባንክ የመጣውን፣ ከሆስፒታል የመጣውን፣ ስሙን ሰምቶት ከማያውቀው ድርጅት የመጣውን ሁሉ ሳይቀድ መሳቢያ ውስጥ ይከታል። ለባለቤቱ ግማሹን ይነግራታል፤ ለወንድሙ ምንም። ወደ አገር ቤት የሚልከውን ግን አያቋርጥም፤ ካቋረጠ «ምን ነካህ?» መባል ይመጣልና።

ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ አባካኝም አይደለም። ብዙውን ጊዜ የችግሩ መነሻ መኪናው ሲበላሽ፣ ልጁ ድንገተኛ ክፍል ሲያድር፣ ወይም እናቱ አርፈው ለትኬት ሲጣደፍ የተጠቀመበት ክሬዲት ካርድ ነው። 5,000 ዶላር ያለበት፣ በዓመት 24 በመቶ ወለድ የሚያስከፍል ካርድ በወር 100 ዶላር ገደማ ወለድ ይወልዳል። በየወሩ 150 ዶላር የሚከፍል ሰው «እየከፈልኩ እኮ ነው» ቢል እውነቱን ነው፤ ከዋናው ዕዳ ላይ የሚቀነሰው ግን 50 ዶላር ብቻ ነው። አንድ ወር ሲዘል ቅጣት ይጨመርበታል፤ ሁለት ሦስት ወር ሲዘል ስልኩ መጮኽ ይጀምራል።

የዛሬው ንግግር የሚለው አንድ ነገር ነው። ገቢው አነስተኛ የሆነን ባለዕዳ ከዕዳው መጠን በላይ የሚጎዳው ዝምታው ነው። ዝምታውን ያመጣው ይሉኝታ ነው፤ ከዝምታው የሚያተርፍ ደግሞ ሌላ ወገን አለ። ይህ እንዲታይ፣ በአሜሪካ አንድ ዕዳ ከአበዳሪው እጅ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ መከተል ያስፈልጋል።

ባንኮች 180 ቀን ሳይከፈል የቆየን የክሬዲት ካርድ ዕዳ በመዝገባቸው ላይ እንደ ኪሳራ ይጽፉታል። ዕዳው ግን በዚያ አይሞትም። ወይ በኮሚሽን ለሚሠራ ሰብሳቢ ድርጅት ይሰጣል፣ ወይ ከሺህ ሌሎች ዕዳዎች ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ታጭቆ ይሸጣል፤ ገዢውም መልሶ ለሌላ ሊሸጠው ይችላል። «ኮሌክሽን ገባ» የሚባለው ይኼ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ዕዳ ገዢ ኩባንያዎች ለእያንዳንዱ የአንድ ዶላር ዕዳ በአማካይ የከፈሉት 4 ሳንቲም እንደሆነ አሳይቷል። በዚህ ሒሳብ 5,000 ዶላሩ በ200 ዶላር ተሸጠ ማለት ነው። በ2016 ጆን ኦሊቨር የተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቅራቢ ይህን ገበያ ለተመልካቹ ሊያሳይ ብሎ ራሱ ዕዳ ገዢ ኩባንያ አቋቋመ። 60,000 ዶላር በማይሞላ ገንዘብም 15 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የሕክምና ዕዳ ገዛ። ዕዳው የ9,000 ገደማ ሰዎች ነበር፤ ለአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት አስተላልፎ አሰረዘላቸው። ያንን ድርጅት በ2014 የመሠረቱት ሁለት ሰዎች ደግሞ ቀድሞ ራሳቸው በዕዳ ማስከፈል ሥራ ላይ ኃላፊዎች የነበሩ ናቸው።

ይህ የሚነገረው «እንግዲያው አልከፍልም» እንዲባል አይደለም። የተበደረ ተበድሯል። ነገር ግን የሚደውለው ሰው ገንዘቡን ያበደረው ባንክ ላይሆን ይችላል፤ በእጁ ያለውም ስም፣ አድራሻና አንድ ቁጥር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከሙሉው በታች ለመቀበልም ሰፊ ቦታ አለው። ዕዳ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ስህተት ይገባበታል፤ የተከፈለው እንዳልተከፈለ፣ የአንዱ በሌላው ስም ይመጣል። የአበሻ ስም ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገባል፣ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በየመሥሪያ ቤቱ ፊደሉ ይለያያል፣ አንድ ዓይነት ስምና የአባት ስም ያላቸው ሰዎችም በአንድ ከተማ ብዙ ናቸው። ይህን የሚያውቅ ባለዕዳ ስልኩን ሲያነሳ ቢያንስ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

ሕጉም ከጎኑ የቆመበት ቦታ አለ። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በ1977 የፈረሙት የዕዳ አሰባሰብ ሕግ፣ ሰብሳቢ በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 8 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 9 ሰዓት በኋላ እንዳይደውል ይከለክላል። አሠሪው እንደማይፈቅድ እያወቀ ወደ ሥራ ቦታ መደወል አይችልም። ለጎረቤት፣ ለአለቃ፣ ለአጎት ልጅ ስለ ዕዳው መናገር አይችልም። መሳደብ፣ ፖሊስ ነኝ ማለት፣ ሳይሆን ጠበቃ ነኝ ማለት ክልክል ነው። ከኖቬምበር 30 ቀን 2021 ጀምሮ ደግሞ፣ ስለ አንድ ዕዳ በሰባት ቀን ውስጥ ከሰባት ጊዜ በላይ የደወለ ሰብሳቢ፣ ወይም ከባለዕዳው ጋር ከተነጋገረ በኋላ ሰባት ቀን ሳይሞላ መልሶ የደወለ ሰብሳቢ፣ ሕግ እንደጣሰ ይገመታል። ጥሶ የተከሰሰ ሰብሳቢ ለደረሰው ጉዳት ካሳ፣ በዚያ ላይ እስከ 1,000 ዶላር፣ እንዲሁም የከሳሹን የጠበቃ ወጪ ሊከፍል ይችላል። ክሱ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ ስላለበት፣ የተደወለበትን ቀንና ሰዓት፣ የደዋዩንና የድርጅቱን ስም በደብተር መመዝገብ ትልቅ ማስረጃ ነው።

ይህ የፌዴራል ሕግ በዋናነት የሚመለከተው ለሌላ የሚሰበስቡትን ነው እንጂ የራሱን ገንዘብ የሚጠይቀውን ባንክ አይደለም። ሜሪላንድና ዲሲ ግን አበዳሪውን ራሱን የሚጨምር የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

ሰብሳቢው ባለዕዳውን መጀመሪያ ባገኘው በአምስት ቀን ውስጥ የዕዳውን ዝርዝር በጽሑፍ መላክ አለበት፤ የመጀመሪያው አበዳሪ ማን ነው፣ ዋናው ስንት ነው፣ ወለዱ ስንት ነው የሚለውን። ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ባለዕዳው ዕዳውን በጽሑፍ ለመቃወም 30 ቀን አለው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተቃወመ ሰብሳቢው ማረጋገጫ እስኪልክ ድረስ ማስከፈሉን ማቆም ይኖርበታል። ደብዳቤው ካልተከፈተ 30ው ቀን እንዲሁ ያልፋል። «ከእንግዲህ አትደውሉልኝ» ብሎ መጻፍም ይቻላል፤ ሰብሳቢው መደወሉን ያቆማል። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ስልኩ ዝም ማለቱ ዕዳውን አያጠፋውም፤ አንዳንዱ ሰብሳቢ ስልኩ ሲዘጋበት በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚደነግጠው ግን በሌላ ነገር ነው። «ፖሊስ ይላክብሃል»፣ «ዲፖርት ትደረጋለህ»፣ «ሲትዝንሺፕህ ይበላሻል» የሚል ደዋይ አለ። የክሬዲት ካርድና የሕክምና ዕዳ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። አሜሪካ በፌዴራል ደረጃ ሰውን በዕዳ ማሰር ያስቀረችው በ1833 ነው። የዜግነት ማመልከቻው የሚጠይቀው ስለ ግብር ዕዳና ስለ ልጅ ማሳደጊያ ነው እንጂ ስለ ካርድ ቢል አይደለም። በድሮዋ ኢትዮጵያ አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ታስረው፣ ዕዳው እስኪከፈል አብረው ይውሉና ያድሩ እንደነበር አባቶች ይናገሩታል፤ ያ ታሪክ በወሬ እየተላለፈ በሰው ልብ ውስጥ የተወው ፍርሃት ለእንዲህ ያለ ደዋይ መንገድ ይጠርግለታል። አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ከፍርድ በኋላ ፍርድ ቤት ስለ ገቢና ንብረት ለመጠየቅ «ቅረብ» ብሎ አዝዞ ያልቀረበ ሰው ሊያዝ ይችላል። የሚያዘውም በዕዳው ሳይሆን የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ ባለማክበሩ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ የሚያደርሰውም ይኸው ፍርድ ቤት ነው። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2020 እንዳሳተመው፣ በዕዳ ክሶች ላይ መረጃ በተገኘባቸው ቦታዎች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት የተቋጩት ተከሳሹ መልስ ሳይሰጥ ወይም ሳይቀርብ በተሰጠ ፍርድ ነው። ጠበቃ የነበራቸው ተከሳሾች ከ10 በመቶ በታች ሲሆኑ ከሳሾቹ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ባለጠበቃ ናቸው። ይህን ቁጥር ከ4 ሳንቲሙ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በርካሽ የተገዛ፣ ሰነዱ የሳሳ ዕዳ በፍርድ ቤት ሙሉ ዋጋውን የሚያገኘው ተከሳሹ ስለማይመጣ ነው። ዳኛው የከሳሹን ማስረጃ በጥያቄ የሚፈትንለት ሰው አያገኝም። በሜሪላንድ ዲስትሪክት ኮርት የተከሰሰ ነዋሪ መጥሪያው ከደረሰው በኋላ «እከራከራለሁ» የሚለውን ወረቀት ለመመለስ ያለው ጊዜ 15 ቀን ነው። ያንን ወረቀት ሞልቶ መላክ ጠበቃ አይጠይቅም፤ ቀኑ ሲደርስም በሜሪላንድም በዲሲም ፍርድ ቤቶች አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ይመደባል፤ አስቀድሞ መጠየቅ ብቻ ነው። እዚያ ቀርቦ «ይህ ዕዳ የእኔ መሆኑን፣ መጠኑም ይህ መሆኑን፣ ከባንኩ መግዛታችሁን በሰነድ አሳዩ» ማለት ሕጋዊ ክርክር ነው።

የጊዜ ገደብም አለ። በሜሪላንድና በዲሲ የክሬዲት ካርድ ዕዳ ክስ በጠቅላላው በሦስት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጊዜው ባለፈበት ዕዳ መክሰስም ሆነ እከሳለሁ ብሎ ማስፈራራት ለሰብሳቢ የተከለከለ ነው። ሆኖም በብዙ ስቴቶች ትንሽ ገንዘብ እንኳ ከተከፈለ ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ ሊጀምር ይችላል፤ «ለበጎ ፈቃድ 20 ዶላር ብቻ ክፈል» የሚለው ለስላሳ ድምፅ የሚደበቀው እዚህ ጋ ነው።

ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ደመወዝ ይያዛል። የፌዴራል ሕግ ጣሪያ አበጅቶለታል፤ ግዴታ የሆኑ ቅናሾች ከተነሡ በኋላ ከሚቀረው ደመወዝ 25 በመቶ፣ ወይም በሳምንት ከ217 ዶላር ከ50 ሳንቲም በላይ የሆነው፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው የሚቆረጠው። በሳምንት 600 ዶላር እጁ የሚገባ ሰው እስከ 150 ዶላር ሊወሰድበት ይችላል፤ 250 ዶላር የሚገባው ግን ከ32 ዶላር ከ50 ሳንቲም አያልፍም። ከዚህ የበለጠ የሚጠብቁ ስቴቶች አሉ። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታና ኤስኤስአይ የሚባለው የመንግሥት ድጎማ ለካርድ ዕዳ አይነኩም። የግብር፣ የፌዴራል ተማሪ ብድርና የልጅ ማሳደጊያ ዕዳ ግን ሌላ ሕግ አላቸው፤ ከላይ የተባለው የደመወዝ ጣሪያና የሦስት ዓመት ገደብ አይመለከታቸውም።

ገንዘቡ ለሁሉ ካልበቃ የቱ ይቅደም? ከልምድ የሚታየው ስህተት ብዙ የጮኸውን መጀመሪያ መክፈል ነው። ኮሌክሽኑ በየቀኑ ይደውላል፤ የቤት ኪራይ ግን አይደውልም፣ አንድ ቀን የማስለቀቂያ ወረቀት በር ላይ ይለጠፋል። ኪራይ፣ መብራት፣ የልጆች ምግብ፣ ሥራ የሚያደርሰው መኪና ከካርድና ከሕክምና ቢል ይቀድማሉ። መኪናው ከተወሰደ ደመወዙም አብሮ ይሄዳል፤ ኡበር ለሚነዳ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የሆስፒታል ቢል ለብቻው ሊታይ ይገባል፤ ምክንያቱም በዚህ ላይ የሚባክነው ገንዘብ ያሳዝናል። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ሁሉ በ2010ሩ የጤና ሕግ መሠረት ለአነስተኛ ገቢ ሕሙማን የእርዳታ ፖሊሲ እንዲኖራቸው ይገደዳሉ፤ ታካሚው ከሕክምናው በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከወጣበት ጀምሮ እስከ 240 ቀን ድረስ ማመልከት ይችላል። በሜሪላንድ ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ እጥፍ ያልበለጠ ሰው በሆስፒታል የተደረገለት አስፈላጊ ሕክምና በነጻ ሊሆንለት ይገባል። ይህን ፎርም ሳይሞሉ ሦስት አራት ዓመት በየወሩ 50 ዶላር ለሆስፒታል የሚከፍሉ እናቶች አሉ፤ ፎርሙ እንዳለ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ።

ዋስትናም የማኅበረሰባችን ቁስል ነው። ክሬዲት ያልገነባ አዲስ መጤ መኪና ሊገዛ ሲል አንድ ዘመድ ኮሳይነር ሆኖ ይፈርማል፤ እምቢ ማለት ነውር ስለሚመስል። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተራ ዋስ «መጀመሪያ ተበዳሪውን ጠይቁ» የማለት መብት አለው። ይህን በልቡ ይዞ የሚፈርም ሰው በአሜሪካ የሚጠብቀው ግን የተለየ ነው፤ አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ፈራሚው ሊመጣ ይችላል። ከመፈረሙ በፊት የሚሰጠው ማስታወቂያ ይህንን በግልጽ ይላል፤ በእንግሊዝኛ በደቃቅ ፊደል ስለሆነ ግን የሚያነበው ጥቂት ነው።

ሰው ሲጨንቀው ደግሞ የባሰ በር ይከፈትለታል። ለ100 ዶላር በሁለት ሳምንት 15 ዶላር የሚያስከፍል፣ እስከ ደመወዝ ቀን የሚሰጥ የፔይዴይ ብድር በዓመት ሲሰላ ወደ 400 በመቶ ይጠጋል። ለዓመታዊ ወለድ ዲሲ በ24 በመቶ፣ ሜሪላንድ በ33 በመቶ፣ ቨርጂኒያም ከ2021 ጀምሮ በ36 በመቶ ጣሪያ ስላበጁ በዚህ አካባቢ እነዚህ ሱቆች በየመንገዱ አይታዩም፤ በኢንተርኔት ግን ይመጣሉ። «ዕዳህን በግማሽ እናስቀንስልሃለን» ብለው በስልክ የሚቀርቡ ድርጅቶችም ውጤት ሳያሳዩ ክፍያ መቀበል ከ2010 ጀምሮ ተከልክለዋል። ቅድሚያ ክፍያ ከጠየቁ ስልኩን መዝጋት ነው።

ከሰብሳቢ ጋር ሲደራደሩ እቁብ የሚሰጠውን ጉልበት ብዙ ሰው አላሰበበትም። ዕዳ ገዢ በየወሩ ከሚንጠባጠብ ገንዘብ ይልቅ በአንድ ጊዜ የሚመጣን ይመርጣል። የእቁብ ዕጣ የደረሰው ሰው በእጁ 2,000 ዶላር ይዞ ለ5,000 ዶላር ዕዳ መደራደር ይችላል፤ ስምምነቱ በጽሑፍ እጁ ከገባ በኋላ ይከፍላል፤ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ግን አሳልፎ አይሰጥም። የተሰረዘለት 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ለግብር መሥሪያ ቤቱ እንደ ገቢ ሊነገርበት ይችላል። በዚያን ጊዜ ዕዳው ከንብረቱ ይበልጥ እንደነበር በፎርም 982 ካሳየ ግብሩ ሊቀርለት ስለሚችል፣ ታክስ የሚሠራለትን ሰው አስቀድሞ ማማከር ይበጀዋል።

ምንም መንገድ ላጣ ደግሞ ባንክረፕሲ የሚባለው፣ በፍርድ ቤት ከዕዳ የመላቀቂያ መንገድ አለ። በሕግ የተሰጠ መብት ስለሆነ ነውር የለበትም። ቻፕተር 7 የሚባለው ማመልከቻ በገባበት ቅጽበት ስልኩም ክሱም ደመወዝ መያዙም ይቆማል። የማመልከቻው ክፍያ 338 ዶላር ነው፤ ገቢው ከድህነት መለኪያው አንድ ተኩል እጥፍ በታች የሆነ ሰው ክፍያው እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል። በክሬዲት መዝገብ ላይ 10 ዓመት ይቆያል፤ ከባድ ነው። ሆኖም መቼም የማይከፈል ዕዳ ተሸክሞ አሥር ዓመት ከመቆየት ይሻል እንደሆነ ጠበቃ አማክሮ ማስላት ይገባል።

ዝምታ ሲሰበር ምን እንደሚሆን የኒው ዮርክ ታክሲ ነጂዎች አሳይተዋል። አብዛኞቹ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። የታክሲ ፈቃዱ፣ እነሱ ሜዳልየን የሚሉት፣ በ2014 ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ ነጂዎቹ ተበድረው ገዙት። ኡበር ተስፋፋ፣ ዋጋው ወደቀ፣ ብድሩ ግን እንዳለ ቀረ። በ2018 ከነጂዎች መካከል ራሳቸውን ያጠፉ ነበሩ። እያንዳንዱ ችግሩን የራሱ ጥፋት አድርጎ ይዞት ነበር። በማኅበራቸው ሲሰባሰቡ ግን ችግሩ የብዙዎች ሆኖ ተገኘ። በ2021 መከር በከተማው አዳራሽ ፊት ቀንና ሌሊት ተቀመጡ፣ ለ15 ቀን ምግብ አቆሙ። ኖቬምበር 3 ቀን 2021 ከተማው ከትልቁ አበዳሪ ጋር ተስማማ፤ የእያንዳንዱ ብድር ወደ 170,000 ዶላር ወረደ፣ ወርሃዊ ክፍያው ከ1,122 ዶላር እንዳያልፍ ተደረገ፣ ከተማውም ዋስ ሆነ።

እኛ እድር አለን። በዲሲና በአካባቢው ሰው ሲሞት አዳራሽ የሚከራይ፣ አስከሬን አገር ቤት የሚልክ፣ ሐዘንተኛውን ለብቻው የማይተው እድር። ያው እድር በወር አንድ ቅዳሜ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ እንግሊዝኛ የሚያነቡ ሁለት ወጣቶችና አንድ ፈቃደኛ ጠበቃ አስቀምጦ፣ አባላቱ ወረቀቶቻቸውን እንዲያመጡ ቢጋብዝ ወጪው ከአንድ ቡና አይበልጥም። ሥራው ውስብስብ አይደለም። ከፍርድ ቤት የመጣው ከሌላው ይለያል፤ መልስ የሚሰጥበት ቀን በላዩ ይጻፋል፤ የሆስፒታሉ ወደ እርዳታ ፎርሙ ይሄዳል፤ የኮሌክሽኑ ይጣራል። የሚያስቸግረው የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ናት፤ ማን ቀድሞ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል? የእድሩ ዳኛና ጸሐፊ የየራሳቸውን ቢል ይዘው ቀድመው ቢቀመጡ፣ ሌላው ለመምጣት ይቀለዋል።